ጾም የመሰለን የውኃ ጥም

ጎንደር፣ ማራኪ
በበዓለ ሃምሳ

ለምወድሽና ለምታበሳጪኝ እታለም፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የመካነ ብርሃን ብርድስ ለቀቅ አደረገሽ? ላሚቱ ወለደች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጥቅምቱ ቀዶ ሕክምና ወዲህ ቁስሌ ደርቋል። ቁጣዬ ግን እንዳለ ነው፤ እሱን ቆርጦ የሚያወጣ ሐኪም አልተገኘም። ልጅሽ ቃልኪዳንም፣ አራስ ልጇም ሸጋ ናቸው። ሕፃኗ ቁርጥ አንቺን ናት፤ የፈለገችው እስኪመጣላት አገር ታውካለች።

በስልክ ያልነገርሁሽ፣ ድምፁን ለቀሽ ጎረቤቱን ሁሉ እያሰማሽ ስለምታወሪ ነው። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ዳዊት የሚደግም ዓይን የእኔ ጽሑፍ አያቅተውም።

ቃልኪዳን ነግራኛለች። እሷን ለማረስም፣ ለሕፃኗ የሰማንያ ቀን ክርስትናም አልመጣም ብለሻታል። መጀመሪያ ገብሱን አመካኘሽ፣ ቀጥሎ ላሚቱን፣ በመጨረሻ መንገዱን። ምክንያት የሚደረድር ሰው እውነተኛውን እንደደበቀ ተማሪዎቼ በደንብ አስተምረውኛል። ልጅቷ «እናቴን ምን በደልኋት?» ብላ አለቀሰች። እኔም ቤት ገብቼ «ለላም ብላ ከልጅ ልጇ ክርስትና የምትቀር አያት የት አገር አለች?» እያልሁ ጮህሁ። ሚስቴ ሸዋረጋ እንደ ልማዷ ሥራዋን ሳታቋርጥ ሰማችኝና «ጨረስህ?» አለችኝ።

አሁን ምክንያቱን ያወቅሁት ይመስለኛል።

እኔና ሸዋረጋ በየሳምንቱ ወደ አንድ ክሊኒክ እንሄዳለን። ማን ታሞ ነው ብለሽ አትጨነቂ። እዚያ ፅዮን የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፤ በመርፌና በክኒን ሳይሆን ጡንቻ በማሠራት ነው የምታክመው። ክፍሏ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። መጋረጃው ተንጋዶ ነው የተሰቀለው፤ ደጋግሜ ብናገርም የሚያቃናው ጠፍቷል። ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶች ይሠራሉ፤ እኔ ወዲህ ነኝ።

አንድ ቀን እንኳየሁ የምትባል የትክል ድንጋይ ሴት፣ የብዙ ልጆች እናት፣ ገበያ በለመደ ድምፅዋ ስታወራ ሰማሁ። «በሳልሁ ቁጥር፣ በሳቅሁ ቁጥር ሽንቴ ያመልጠኝ ነበር» አለች። «መኪና የምሳፈር ለትማ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ በአፌ አይዞርም። ባሌ ሆዬ ‹ጾመኛ ሚስት ሰጠኝ› እያለ በየማኅበሩ ይኮራል!» ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

እኔ አልሳቅሁም። ጥምቀት ለት ቤቴ የነበርሽው ትዝ አልሽኝ። ጠላ አልቀምስም፣ ውኃ ይቅርብኝ፣ ሶፋው ላይ አልቀመጥም ስትዪ፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት «እህቴ እንዲህ ናት! በበዓል እንኳ አትፈታም!» እያልሁ ስመካብሽ ከንፈርሽ ደርቆ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ስትቀሪም ትሕትና ነው ብዬ አወራሁልሽ። እታለም፣ እኔ እኮ የውኃ ምሕንድስና መምህር ነኝ! የሚያፈስ ቧንቧ ከመንገድ ማዶ የማውቅ ሰው የውኃ ጥምሽን ጾም ብዬ ሳወድስ ከረምሁ።

ተሳስቼ ከሆነ ደብዳቤውን አቃጥለሽ ስደቢኝ። ካልተሳሳትሁ ግን ስሚኝ። ይህ እርግማን አይደለም። ከዳሌ ሥር እንደ ወለል የተዘረጋ፣ ፊኛንና ማሕፀንን የሚሸከም ጡንቻ አለ። በወሊድ፣ በሸክም፣ በቀዶ ሕክምናም ይላላል፤ ሲያሠሩት ደግሞ ይበረታል። ሽንቱን እንደሚቋጥር ሰው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ስቦ ያዝ ማድረግ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ትንፋሽ አይታፈንም፣ ጥርስ አይነከስም። መጀመሪያ ላይ የሚኮማተረው ግንባር ብቻ ነው፤ ፅዮን «በፊትዎ አይደለም!» እያለች ትቆጣለች። ውኃ መተውም ፊኛን ያስቆጣል እንጂ አይጠቅምም ትላለች። በአንድ ጀንበር አይድንም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። እንኳየሁ ግን በ«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትለካዋለች፤ በአንዱ ትይዛለች፣ በሚቀጥለው ትለቃለች። ከፋሲካ ወዲህ ሰርግ ሄዳ «እስክስታ ወረድሁ፤ ከነጠላዬ በቀር የወረደ የለም!» ስትል መጋረጃው ራሱ የሳቀ መሰለኝ።

እኔ መቼም ሳላጣራ አልተኛም፤ ድፍረት እንዳይሆን ብዬ የንስሐ አባቴን ቄስ ህሩይን ጠየቅሁ። በጸሎት መለካቱን ስነግራቸው «እየጸለየች ከዳነች አንተን ምን አስቆጣህ?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ቤተ ክርስቲያን ይግባ ወይ ስላቸው ደግሞ «ደዌን ኃጢአት ያደረገው ማን ነው? ንጹሕ ለብሳ ትግባ» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የምትጠይቀኝ ለእህትህ ብቻ ነው?» አሉኝ። እኔም ስለ ዘንድሮ ዝናብ አነሳሁባቸው።

እንግዲህ ቅዳሜ ሸዋረጋ በጎረቤታችን በአምሐ መኪና ትመጣልሻለች። አምሐ ባልሽው ቦታ ሁሉ ይቆማል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ለእኔም ሲቆምልኝ ከርሟል። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾምም ስግደትም የለም፤ ሰበብሽ አልቋል። ስትነሺ ውኃ ጠጪ። ለቃልኪዳን ምንም አልነገርሁም፤ መንገር የአንቺ ነው። እሷም አራስ ናትና ብትሰማው ይበጃታል። ሰማንያው እስኪደርስ ከፅዮን ጋር ትሠሪያለሽ። በክርስትናው ለት ከቅጥር ውጭ ሳይሆን ከመጠመቂያው አጠገብ ሕፃኗን አቅፈሽ ላይሽ እፈልጋለሁ። ብትስቂም እስኪበቃሽ ሳቂ።

የእናታችን ምርቃት አይለይሽ። ደጅሽ በእንግዳ፣ ጋንሽ በጠላ የሞላ ይሁን። ያቺን ጯሂ ለወግ ለማዕረግ በቅታ ለማየት ያብቃሽ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ክሊኒኩ ስትገቢ ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ሰማያዊ ፍራሽ ሰው አለበትና እንዳትቀመጪበት። ባለፍራሹ ቁጡ ነው፤ ከሸዋረጋ በቀር የሚችለው የለም።

ታናሽ ወንድምሽ