መዳፍሽን የሚጠብቅ ግድግዳ

ለውድ እናቴ ለዓሊማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ጤናሽስ እንዴት ነው? ጉልበትሽ፣ ወገብሽ፣ ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግርሽ ሳል እንዴት ሆነልሽ? ዝናቡስ ጣለላችሁ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትዪ። ስልክ ላይ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፤ ወሬው ሳይጀመር ካርዱ ያልቃል። ይሄን ግን ሙኒያ ቁጭ ብላ ታንብብልሽ። እህቴ፣ አንድም ቃል እንዳትዘልዪ።

መጀመሪያ ቅያሜዬን ልናገር። እኔ ጋ አዲስ አበባ መጥተሽ እንድትኖሪ ብለምንሽ፣ “ዓይኔ ከፈዘዘ ወዲህ ለራሴ ግድግዳ እንኳ አልሆንኩም፤ ልጄ ቤት ሄጄ ጥግ ይዤ ልቀመጥ?” አልሽ አሉ። ቤትሽም ካለፈው አረፋ ወዲህ ሳይለሰን መክረሙን ሰማሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ተናድጃለሁ። ንዴቴ ሳይበርድልኝ ግን አንድ ነገር ገጠመኝና ነው ብዕር ያነሳሁት።

እዚህ ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ወይዘሮ ሠርካዲስ የሚባሉ ሴት መዋለ ሕፃናት እያሠሩ ነው። ልስኑን የያዝነው እኔና ዋቅጋሪ ነን። ዋቅጋሪ ማለት ባለፈው አረፋ ይዤው የመጣሁት፣ ክትፎሽን በልቶ ሦስት ቀን ሲመርቅሽ የሰነበተው ረጅሙ ሰውዬ ነው። ሴትየዋ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ሥዕል ሊገዙ ነበር። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ እናቴ እንዲህ ያለውን ከአፈር ነው የምታወጣው አልኳቸው። ከሥር ቀይ አፈር፣ ከላይ ነጭ አፈር ለስነሽ፣ ነጩ ሳይደርቅ በሚዶ ስትፍቂው ቀዩ እንዴት አበባ ሆኖ ብቅ እንደሚል ነገርኳቸው። እንግዲያው አንዱን ክፍል ሞክረው፣ ካላማረ ፕላስቲኩን እለጥፋለሁ አሉኝ። ዋቅጋሪማ የሴት ሥራ ልትሠራ ነው እያለ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

እኔ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት የመለሰኛውን ማንኪያ፣ ካዞላውን፣ የያዝኩ ባለሙያ አይደለሁ? አፈርን ንቄ ሲሚንቶ አደረግሁበት። ግማሹን ፍቄ ወደ ሌላው ስዞር ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ፤ በመሮ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። በማግሥቱ ቀዩንም ነጩንም በአፈርና በኖራ ሠራሁት። ቸኩዬ ስፍቀው ነጩ ከነቀዩ እየተላጠ እግሬ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ሠርካዲስ መጥተው አዩና የፕላስቲኩን ዋጋ በስልክ እየጠየቁ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሲጨንቀኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ከመፋቅሽ በፊት ቀኝ መዳፍሽን ግድግዳው ላይ አድርገሽ ቢስሚላህ ትዪ ነበር። ዱዓ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። እኔም ነጩን ለስኜ ስጨርስ መዳፌን አስደግፌ ቢስሚላህ አልኩ፤ መዳፌ ጭቃ ይዞ ተመለሰ። በቃ ዱዓዬ አልተሰማም ብዬ ተቀመጥኩ። ቆይቼ ደገምኩት፣ አሁንም ጥቂት ያዘኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስነካው ግን መዳፌ ንጹሕ ሆኖ ተነሳ፤ መፋቂያ ያደረግሁትን ሚስማር ባስገባ ነጩ ሳይሰነጠቅ ተላቀቀና ቀዩ ብቅ አለ። ያኔ ገባኝ እማ። ዱዓውም ዱዓ ነው፤ ግን መዳፍሽ ግድግዳውን ደርሰሃል ወይ ብሎ ይጠይቀው ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም። ለነገሩ ወንድ ልጅ ግድግዳ አይፍቅም እያልሽ ስታባርሪኝ መቼ ልትነግሪኝ? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዋቅጋሪ ኖራ ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሎት ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ።

ግድግዳው አማረ። ዙሪያውን ያንቺን የሚዶ መስመር አስገባሁበት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አንዲት ዶሮ ጫርኩ። ዶሮዋን ታውቂያታለሽ፤ ልጆች ሳለን ከመደቡ በላይ ያለውን ግድግዳሽን ያበላሸችው ናት። ሙኒያን የገረፍሻት በእሷ ነበር፤ የጫርኳት ግን እኔ ነኝ። ሙኒያ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ሐቅሽ ነው። ወይዘሮ ሠርካዲስ ጣታቸውን በዶሮዋ ላይ አስኬዱና የቀሩትንም እንዲሁ አድርግልኝ አሉ።

እንግዲህ ጉዳዬ ይሄ ነው። እኔ ሦስት አራት ጊዜ እየነካሁ ነው ሰዓቱን የማገኘው፤ ነጩ ላይም የመዳፌ ምልክት ይቀራል። አንቺ አንዴ ነክተሽ አሁን ትዪ ነበር። ለዚህ ደግሞ ዓይን አያስፈልግም። ዓይን እኔ አለኝ፣ ቁመት ዋቅጋሪ አለው፤ የጠፋው ያንቺ መዳፍ ነው። ዓይንሽንም ጳውሎስ ሆስፒታል ወስጄ አሳይሻለሁ፤ ከተሻለሽ እሰየው፣ ባይሻልሽም ግድግዳው አይጠይቅሽም። ለአረፋ እመጣለሁ ኢንሻአላህ፤ ስመለስ አብረን ነው የምንመለሰው። ጥግ ይዤ ልቀመጥ የሚል ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማ።

ሙኒያን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ ስለ ዶሮዋ ይቅር ትበለኝ። ባሏን አማንን ላሚቱ ወለደች ወይ በይልኝ። ትንሿን ልጃቸውን ረይሃናን ጥርሷ እስኪታይ ኮርኩሪልኝ። ዋቅጋሪ እጅ ይነሳል፤ በሴት ሥራ መሳቄን ትቻለሁ በልልኝ ብሎኛል። በዱዓሽ አትርሺን።

ከበሩ አጠገብ ያለው፣ ልጆቹ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳ አልተፋቀም፤ አንቺ እስክትመጪ እንዲቆይ ሴትየዋ ፈቅደውልኛል። ቀዩን ለስኜ በርጩማሽን ከሥሩ አስቀምጫለሁ። ነጩን የምለስነው አንቺ ስትቀመጪበት ነው።

ልጅሽ አሽረፍ

ጉለሌ፣ ቁስቋም
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.