ከኩርባው በፊት ያወረድኩሽ

እናንዬ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ስለ ጤና ይጠየቃል። አንቺን ስለ ጤና ብጠይቅሽ ትስቂብኛለሽ፤ ስለዚህ የራሴን ልንገርሽ። ወገቤን ያመኛል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ዓይኔ ይደክማል፣ ሌላው ደህና ነው። ከተለያየን ሦስት ክረምት ወጣ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቃል አልጻፍኩልሽም። ሹፌር ከመሪ ሌላ ነገር መያዝ አይሆንለትም ትይ የነበረው እውነት ነው። ዛሬ ብዕር የያዝኩት ግን ልነግርሽ የሚገባ ነገር ስላለ ነው። ለልጃችን ነግሬያታለሁ፤ ለአንቺ ሳልነግርሽ መቅረት ደግሞ አልሆነልኝም።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ አፈራ። ጣሪያው አሁንም በዚያው በኩል ያፈሳል፤ ሁለት ጊዜ አሠርቼው ሁለት ጊዜ ሞኝ አደረገኝ። ዶሮዎችሽ ተዋልደው ግቢውን ሞልተውታል። ለቤታቸው አዲስ በር ሠርቼላቸዋለሁ፤ በሩን ከምን እንደሠራሁት ኋላ ትሰሚያለሽ። ልጃችን ማስተዋል አድጋለች። ቡሬ ካምፓስ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ሰኞ ሄዳ አርብ ትመለሳለች። አረማመዷ ያንቺ ስለሆነ ከኋላ ሳያት አንዳንዴ ስምሽን ልጠራ እደርሳለሁ።

መንገዱን ብታዪው ግን አታውቂውም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው በር ላይ ተደርድረው ይቆሙ የነበሩት ጋሪዎች አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ ቦታቸውን ባጃጅ ወርሶታል። ባጃጅ ደግሞ እንደ ፈረስ አይደለም፤ ፈረስ ገደል ሲያይ ጌታው ባይነግረውም ይቆማል። ቡሬ መገንጠያው ላይ ወደ ነቀምት የሚታጠፈው የጭነት መኪና፣ እህል የጫነው አህያ፣ ተማሪው፣ ሚኒባሱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እኔ ልቅደም ይላል። ፍሬቻ ማሳየት ሚስጥር ማውጣት ይመስል የሚታጠፍበትን አስቀድሞ የሚናገር የለም። ነዳጅ ሲጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ሰልፍ ላይ እንከርማለን፤ ሲገኝ የባከነውን ቀን ለማካካስ ሁሉም ይበርራል። በኩርባ ይደርባል፣ በድልድይ ላይ ይደርባል፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ይደርባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትይኝ ነበር። አሁን ቆሞ የሚለቅምም ጠፍቷል፤ አፍሶ የሚሄድ ነው የበዛው።

እኔም ከነሱ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም የማማው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ባለፍን ቁጥር በአንዱ እጄ ኮፍያዬን አንስቼ በሌላው ሳማትብ፣ መሪውን የምትይዢልኝ አንቺ ነበርሽ። "እግዜር መሪውን ያዝ ብሎሃል እንጂ ልቀቅ መቼ አለህ" ትይኝና ትስቂ ነበር። አሁን ኮፍያዬን ትቼ በአንድ እጄ ብቻ አማትባለሁ፤ የሚይዝልኝ የለም።

በተለያየንበት ቀን ለእህትሽ ልጅ ክርስትና በሚኒባሴ ወደ ቡሬ እየሄድን ነበር። እንደ ልማድሽ ጋቢና ከጎኔ ተቀምጠሽ፣ በዋዜማው የደፋሽውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ ይዘሻል። ማንኩሳ ስንደርስ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ነበር። እኔ ደግሞ መቼ ሞላ ብዬ አውቅና። በወንበሮቹ መሃል ጣውላዬን ዘርግቼ ሦስት ትርፍ ሰው ጫንኩ። ሁለቱ ጎልማሶች ናቸው፤ ሦስተኛው የኔታ ነበሩ፣ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩት፣ እግራቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። ያቺን ጣውላ አንቺ አትወጃትም ነበር። ሰው እንደ ጆንያ አይደረደርም ብለሽ ስንት ቀን አኩርፈሽኛል። እኔም በየጊዜው እሺ፣ እተዋለሁ እልሽ ነበር።

የኛን የሹፌሮችን ምልክት ታውቂዋለሽ። ከፊት የሚመጣ ሹፌር መዳፉን ወደ ታች ዝቅ ዝቅ ካደረገ ወዲያ ማዶ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል ማለት ነው፤ እጁን ዘርግቶ ካነሳ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ስም ሳንተዋወቅ፣ ፊት ሳንለይ እንዲህ እንጠባበቃለን። እኔም ከማንም ጋር ባልስማማ በዚህ ወንድማማችነት እኮራ ነበር።

ከማንኩሳ ወዲያ ያለው ኩርባ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ከፊት የመጣው ሹፌር መብራት ብልጭ አድርጎ መዳፉን ዝቅ ዝቅ አደረገልኝ። ይህን ጊዜ የምናደርገው የታወቀ ነው። ትርፉን ሰው ከኩርባው በፊት እናወርድና ንጹሕ መስለን በትራፊኩ ፊት እናልፋለን፤ የወረዱት በእግራቸው አልፈው ሲመጡ ወዲያ ማዶ መልሰን እንጭናቸዋለን። አቆምኩ። ሁለቱ ጎልማሶች የለመዱት ነውና ሳይነገራቸው ዘለው ወረዱ። የኔታ ዱላቸውን ፈልገው ሊነሡ ሲሉ እግራቸው እምቢ አላቸው።

እናንዬ፣ ከማንም የደበቅኩት ከዚህ ይጀምራል። ያኔ ዞሬ አየሁሽ። አፌን አልከፈትኩም። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ግን ዓይኔን ማንበብ ለምደሽ ነበር። አንቺ የራሴ ነሽ፣ አትቀየሚኝም፣ ውረጂልኝ ነበር ያልኩሽ። ሽማግሌውን በአንቺ ቦታ አስቀምጬ ከቅጣት ላመልጥ ነበር። ብቀጣስ ምን እሆን ነበር? ይህን ጥያቄ ራሴን ያልጠየቅሁበት ቀን የለም። አንቺ ዳቦውን ለየኔታ አስታቅፈሽ ነጠላሽን አስተካከልሽ፤ "እንግዲህ ጥለኸኝ እንዳትሄድ" ብለሽ ሳቅ አልሽና ወረድሽ።

ኩርባውን እንደዞርኩ ትራፊኩ አሁን የለቀቀው የጭነት መኪና ከፊቴ መጣ። ሹፌሩ እጁን ገልበጥ አድርጎ ወዲያ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እጄን ዘርግቼ አነሳሁለት። ክፍት ነው አልኩት። ሰው አለ አላልኩትም፤ ሚስቴ ዳር ዳሩን እየመጣች ነው አላልኩትም። በኛ ምልክት ውስጥ ለእግረኛ የተሠራ ምልክት የለም፤ ያለው ለትራፊክ ብቻ ነው። በጥሩምባው አመስግኖኝ ነዳጅ ረገጠ።

እኔ ወረቀቴን አሳየሁ። ትራፊኩ ሰዉን ቆጠረ፣ ልክ ሆኖ አገኘው፣ መልካም መንገድ አለኝ። ወዲያ ማዶ ከባሕር ዛፎች ሥር ቆሜ ጠበቅኋችሁ። ዘገያችሁብኝ። እንዲያውም ተናድጄ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋሁ፤ ይህንንም እወቂልኝ። ከዚያ አንዱ ጎልማሳ እጁን በራሱ ላይ አድርጎ እየሮጠ መጣ። የቀረውን አልነግርሽም።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ መኪና እያላት ለምን በእግሯ ሄደች ብሎ ጠየቀ። እኔ መልስ ሳላበጅ የኔታ ተነሡ። የመምህር አንደበት ምን ጎድሎት። "ወንበሯን ለእኔ ለቃ፣ ዳቦዋን ለእኔ ሰጥታ፣ እሷ በእግሯ ወደ ገነት ሄደች" አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ እንደ አዲስ አለቀሰ። ቃሉ ከለቅሶው ወጥቶ ገበያ ገባ፣ ከገበያው ደጀ ሰላም ደረሰ፤ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ የሚያውቀው ሰው አጋጥሞኛል። ዳቦውን ያዙልኝ አልሻቸው እንጂ መቼ ሰጠሻቸው፤ ይህን ስሰማ አንቺ ብትኖሪ እንዴት ትስቂ ነበር እላለሁ። ግን የኔታ አልዋሹም። ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ከኋላዬ ሆነው ዓይኔን አላዩትም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ዝም ብዬ። የጭነት መኪናው ሹፌር ተፈርዶበት ታስሮ ወጣ። እጁን ያነሳልኝ ሹፌር ነበር ብሎ ለማንም አልተናገረም። ረስቶትም ይሆናል፤ እጅ ማንሳት ለኛ እንደ መተንፈስ ነው።

ጣውላዋን እስከ አርባሽ አልነካኋትም። ከዚያ በኋላ ኑሮ ነው አልኩ፣ ሁሉም ያደርገዋል አልኩ፣ መልሼ ዘረጋኋት። እፈሪብኝ። ከዚያ ኩርባ በፊት ብቻ ማንንም አላወርድም ነበር፤ ሌላ ኩርባ ላይ አወርድ ነበር። ይህን እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር።

ማስተዋል ያደገችው በየኔታ ቃል ነው። ስታዝን እሱን ታወራለች፣ ሰው ሲያጽናናት እሱን ትነግራለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ሐዘኗን የምትደገፍበት ምርኩዝ ሆኖላታል፤ እንዴት ብዬ ልንጠቃት እያልኩ ቆየሁ።

ከወር በፊት አንድ አርብ እኔ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ስለዋልኩ በሌላ ሚኒባስ መጣች። ስትገባ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷ ግን በርቷል። ምነው በእግርሽ መጣሽ እንዴ አልኳት። "ትራፊክ ቆሞ ነበር፣ ትርፍ የተጫኑ አንዲት ደካማ እናት መውረድ አቃታቸው። እንደ እማዬ ወንበሬን ለቅቄላቸው ወረድኩ" አለችኝ። የት ጋ አልኳት። "እዚያው ኩርባችን ጋ" አለችኝ። ኩርባችን ነው ያለችው። የማመሰግናት መስሏት ትጠብቃለች። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እውነት ግን ተደብቆ አድሮ አድሮ ልጄን በዚያ መንገድ ዳር አቆማት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮኩ ሥር አስቀምጬ ነገርኳት፣ ከዓይኔ እስከ እጄ ድረስ፣ ምንም ሳላስቀር። አላለቀሰችም። "እማዬ ወዳ ነው የወረደችው ወይስ አንተ ስላየሃት?" አለችኝ። ሁለቱም ነው አልኳት። ከዚህ የተሻለ መልስ ሦስት ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም። "ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ሳለቅስ የኖርኩት ለሌላ ሴት ነዋ" አለች። ተነሥታ ገባች። ምሳዬን አቅርባልኝ ራሷ ሳትቀርብ ቀረች። ሰኞም በሌላ መኪና ሄደች፤ ደርሻለሁ ብላ ትደውላለች ብዬ ስጠብቅ ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። አልደወለችም። በጓደኛዋ በኩል ነው መድረሷን የሰማሁት።

የዚያኑ ቀን ጣውላዋን አውጥቼ በመጋዝ ቆረጥኳት። የዶሮዎችሽ በር እሷ ናት።

ቀጥሎ በነበረው ሰኞ ማስተዋል ቦርሳዋን ይዛ መጣችና ጋቢና ገባች፣ አንቺ ቦታ ላይ። ማንኩሳን አልፈን ገበያተኞችን ዳር ዳሩን ሲሄዱ አለፍናቸው፤ ሴቶች ነበሩ፣ ዶሮ የያዙ፣ ልጅ ያዘሉ። ኩርባው ጋ ስንደርስ አንድ የጭነት መኪና እየከነፈ ከፊት መጣ። ሹፌሩ እጁን ገልበጥ አድርጎ ጠየቀኝ። የኔ እጅ ከመሪው አልላቀቅ አለኝ። ማስተዋል በመስታወቱ በኩል መዳፏን ወደ ታች ዝቅ ዝቅ አደረገችለት።

በስፖኪዮ አየሁት። ፍሬን ይዞ፣ ትራፊኩ ከየት ይወጣል እያለ ይመስላል፣ እየተሳበ በገበያተኞቹ አጠገብ አለፈ። ትራፊክ እኮ የለም አልኳት። "እሱ ምን ያውቃል" አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም እንደሷ አደርጋለሁ። ሹፌሮቹ ነቅተውብኛል፤ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ውሸታሙ መጣ ይሉኛል። አንዱማ በነገር ወጋኝ፤ "የሌለ ትራፊክ እያቆሙ የሚያስፈራሩን የመንግሥት ደመወዝ አላቸው እንዴ" አለኝ። ሦስት ዓመት ስዋሽ ደግ ባል እየተባልኩ ነው የኖርኩት፤ አሁን ገና ስሜን አገኘሁ።

ከማስተዋል ጋር እንደ ድሮው አናወራም። በሙት ዓመትሽ የኔታ እንደ ልማዳቸው ሲነሡ እኔም ተከትዬ ተነሥቼ የጎደለውን እንደምናገር ነግሬያታለሁ። አጠገብህ እቆማለሁ አላለችኝም፤ አልቆምምም አላለችኝም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ እፈራለሁ፤ እሷ ምን ትለኛለች ብዬ ደግሞ ከዚያ ይልቅ እፈራለሁ። አንቺ ይቅር ብለሽኝ እንደሆነ ማወቂያ የለኝም። እንደማውቅሽ ከሆነ ይቅር ትይኛለሽ፤ ይህ ደግሞ አላጽናናኝም።

የምገባልሽ ቃል ግን አንድ ነው። መሪ እስከያዝኩ ድረስ፣ እዚያ ኩርባ ላይ ለሚገጥመኝ ሹፌር ሁሉ መዳፌን ዝቅ አደርጋለሁ። ወዲያ ማዶ ትራፊክ ባይኖርም፣ አንቺ አለሽ።