ልብስ ሰፊዋ የጣለችብኝ አደራ

ልጄ ሆይ፣ የሚጠብቅሽ ማንም ይሁን ማን፣ ዓይኑን ካንቺ ላይ አይንቀል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

አባትሽ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልብኝ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምሬአለሁ። ማመኔን እንጃ፤ ዝማሬው ግን ልቤን ያሳርፈዋል፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም አጠገቧ ቦታ ትይዝልኛለች።

ባለፈው ልጇ ታሞባት እጄን ጨብጣ፣ «እትዬ፣ የእርስዎ ጸሎት ይሰማል። ልጅዎን ከዚያ ሕመም ያወጣት እሱ አይደል? ለልጄም ይለምኑልኝ» አለችኝ። እንዴት እምቢ ልበላት? ዓይኔን ጨፍኜ ቃል ባጣ፣ በሹክሹክታ ያንቺን ስም ደጋገምኩ። ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ፣ እሷ ከንፈሬን እያየች «አሜን» ትላለች።

ልጁ ዛሬም አልተነሳም። ባየችኝ ቁጥር «እየለመኑልኝ ነው?» ትለኛለች።

ብርድ አይምታሽ፣ ክፉ አይንካሽ። አንቺ የምታምኚ ከሆነ ግን፣ እባክሽ በእኔ ፈንታ ለምኚላት።

እናትሽ