የማርናቸው ባሎች

ልጄ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው፤ የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከደረጃው ጋር ተኳርፏል።

ምራቴ ልጅ ለማሳደግ ሥራዋን ልትተው ነው ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሠራተኛ ማኅበራችን ስብሰባ «ጓዶች፣ ሴት ነፃ የምትወጣው ከማጀት ስትወጣ ነው!» ሲል እጄ እስኪቀላ አጨበጭብ ነበር። ቤት ሲገባ ግን «እራት አልደረሰም?» ነው። «ጓድ፣ ሽንኩርቱን ክተፍ» ስለው ሳቀ እንጂ አልከተፈም።

ንግግሩስ እውነት ነበር። እኛ የክር ፋብሪካ ፈታዮች ማሽን አቁመን በፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ አስከፈትን፤ አንተም እዚያ አደግህ። ፋብሪካውን አስገድደን ባሎቻችንን ግን ማርናቸው። የማታ ትምህርቴን ማጀት በላው፤ ፊደል የቆጠርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሕፃኑን ማቆያ አስገቡት፤ ጠዋት የምታደርሰው አንተ ሁን። እድሜ ከጤና ይስጣችሁ። ምራቴ ሥራ የተመለሰች ቀን ራሷ ትጻፍልኝ፤ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።