በጨዋታ ሜዳ ልጆችን ያጸኑት መምህር ዓባይነህ ተድላ

መምህር ዓባይነህ ተድላ ከአባታቸው ከአቶ ተድላ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትክልት ደስታ በ1914 ዓ.ም. በሱሉልታ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ፤ በመምህርነትም ሠልጥነው በ1939 ዓ.ም. በሰበታ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነው ተቀጠሩ።

በ1941 ዓ.ም. ወይዘሮ ውብአየሁ ገብረየስን በተክሊል አግብተው፣ በ1943 ዓ.ም. ወርቅውሃን ወለዱ። ሕፃኗ አምስት ዓመት ሲሞላት ብርቱ ትኩሳት ጣላት። ነፍሷ ተረፈች፤ ከአልጋ ስትነሣ ግን እንደ ድሮው ቀጥ ብላ መቆም አቃታት። ትምህርት ቤት ገብታም በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፋ የሌሎቹን ሩጫ ታይ ነበር።

አባቷ ይህን ማየት አልቻሉም። በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሜዳ ሣሩ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ አጋደሙ። በግንዱ ላይ መራመድን፣ ሰኞ ማክሰኞን፣ ዓይን ጨፍኖ በአንድ እግር መቆምን በየተራ የሚሠራ ጨዋታ አደረጉት። ልጃቸውን ለብቻዋ አላሠሯትም፤ ክፍሉን በሙሉ አሰለፉ። ሁሉም ስለሚወድቅ የእሷ መውደቅ መሳቂያ መሆኑ ቀረ።

ባለሱቁ አቶ ከድሩ ግን ተቆጥተው መጡ። «መምህር፣ ልጄን ራቢአን የላክኋት ልትማር ነው ወይስ ግንድ ላይ ልትንጠላጠል?» አሏቸው።

«እስቲ ቁጭ ይበሉና ይዩ» ብለው ወንበር አቀረቡላቸው።

ራቢአ የወርቅውሃን እጅ ይዛ፣ «አይዞሽ፣ እግርሽን አትዪ፣ እኔን እዪኝ» ስትላት አባቷ ሰሙ። በሳምንቱ ከፉሪ የተላጡ ግንዶች በጋሪ አስጭነው ላኩ።

በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ ውብአየሁ በወሊድ ከነሕፃናቸው አረፉ። ወርቅውሃ ያለ ሰው እጅ ግንዱን የተሻገረችው በዓመቱ ነው። ልጆቹ ሲያጨበጭቡ መምህር ዓባይነህ ዞረው ያዩት የግቢውን በር ነበር፤ ባለቤታቸው ልጃቸውን ለመውሰድ የሚቆሙበትን። «ምነው ይህን ሳታይ» አሉ። ሌላ ትዳርም አልያዙ።

በ1957 ዓ.ም. ወደ ቡራዩ ተዛውረው በዚያም ብዙ ልጆች አጸኑ። ሆኖም ቅዳሜ ሲመጣ አውቶቡስ ተሳፍረው ሰበታ ይሄዱና ባዶው ሜዳ ጥግ ይቀመጡ ነበር። ወርቅውሃ «አባዬ፣ ዛሬ እዚያ ማን አለና?» ስትላቸው፣ «እናትሽ የምትቆምበት በር አለ» ይሏት ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 3 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው አረፉ። እንደ ኑዛዜያቸውም ዛሬ በሰበታ ከባለቤታቸው ጎን ያርፋሉ። ከኋላቸው ልጃቸው ወርቅውሃ፣ እኅታቸውና በየሜዳው ያሳደጓቸው ልጆች አሏቸው።

አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ዘመናቸውን ሙሉ ከናፈቋቸው ጋር ያገናኛቸው፤ የእኛንም ናፍቆት በመጽናናት ያስታግስልን።