በሁለት ቁልፍ ስለተቆለፈው ድንጋይ

ለክቡር ርዕሰ መምህር አቶ እንዳልካቸው
ኮሶ ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
ጋይንት

ጉዳዩ፦ በሰላም እጦት ሳይሆን በሰላም ጥበቃ ብዛት ስለመቸገራችን

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? እኛ ተማሪዎችዎ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በግዎም ደህና ነው። እርስዎ ቀርበው ሊጠይቁት ስላልቻሉ እኛ በየቀኑ በሽቦው ቀዳዳ እያየን ደህንነቱን እንመሰክርልዎታለን።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ትዝታ ሞላ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ ክብርዎን ከመንካት ድንጋዩን መንካት ይሻለን ነበር፣ እሱንም ከልክለውናል። የእርስዎን ግልባጭ በመስኮት ማስገባቴንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ሰሌዳውን ቆመው ለሚያነቡ እንግዶች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መምህር አለበል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ነበሩ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይቅርታ እንደሚለምን የታወቀ ነው። በተማሪ ዘንድ ግን በዳይ የሚባል ፍጡር ተፈልጎ አይገኝም፤ ሁሉም ተበዳይ ነው። ስለዚህ መምህር አለበል በግቢያችን ካለው ትልቅ ኮሶ ሥር አንድ ሰው የማያነሣው፣ ሁለት ሰው ግን እያቃሰተም ቢሆን የሚያነሣው ድንጋይ አስቀመጡ። የተጣሉ ሁለት ተማሪዎች ያን ድንጋይ አብረው ተሸክመው ኮሶውን ይዞራሉ። «ቀስ በል፣ ወደ እኔ አዘመመ፣ ኧረ እግሬን!» ሳይባባሉ መዞር ስለማይቻል ያኮረፈ ሁሉ ሳይወድ በግድ ይነጋገራል። ከዚያ አንዱ ይስቃል፤ አንዱ ከሳቀ ጠቡ አለቀ። እሳቸው ጥላው ውስጥ ቁጭ ብለው ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ «ድንጋዩ ማን እንደበደለ አልጠየቃችሁም፤ እናንተን ምን አስጠየቃችሁ?» ይሉ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ከርሞ በተከፈተበት ዓመት፣ ከስማዳ የመጣውና ከእስቴ የመጣው፣ የከተማውና የገጠሩ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቶን ነበር። ያን ጊዜ ስለ ሰላም ንግግር ያደረገልን ሰው አልነበረም። ድንጋዩ ግን ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲሻገር ይውል ነበር። በዚህ ደብዳቤ ብቀልድም በእሳቸው አልቀልድም፤ እንወዳቸው ነበር፣ ይናፍቁናል። አምና በልደታ ዋዜማ ዐረፉ።

እርስዎም መምህራችን እንዳይረሱ አስበው መታሰቢያ አቆሙላቸው። ስለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቅሬታዬም ከምስጋናው ስለማይለይ አብሬ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ድንጋዩን ነጭ ቀለም አስቀቡት፣ በላዩም «ሰላም» ብለው አስጻፉበት። ከዚያ ኮሶውንና ድንጋዩን በእሾሃማ ሽቦ አሳጠሩና «የሰላም መታሰቢያ፤ መግባትም መንካትም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም በግቢያችን እንደ ሙዚየም ዕቃ ከሩቅ የምትታይ ስለሆነች ማንም አላበላሻት፣ ማንም አልተጠቀመባት። ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ አጥሩን ማንም ብቻውን እንዳይከፍተው በማሰብ በበሩ ላይ ሁለት ቁልፍ አስገጠሙ፤ አንዱ በእርስዎ፣ ሁለተኛው በምክትል ርዕሰ መምህር በአቶ ሥዩም እጅ ሆነ። ይህ ጥበብ ነበር፣ ሪባኑ እስኪቆረጥ ድረስ። የምረቃው ቀን መቀስ አንድ፣ ቆራጭ ሁለት ሆኖ እርስዎ በአንዱ እጀታ፣ አቶ ሥዩም በሌላው እጀታ ሲጓተቱ ሪባኑ ሳይቆረጥ ተበጠሰ። እኛም የተመረቀ መስሎን አጨበጨብን፤ ለዚህ ስሕተታችን ዛሬም ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለታችሁም በየራሳችሁ ቁልፍ ቆልፋችሁ በየፊናችሁ ሄዳችሁ፤ በሩም ከጥር ወዲህ አልተከፈተም። አሁን በአንድ ቤት ውስጥ ግድግዳ ብቻ ለይቷችሁ እየሠራችሁ፣ የአንዳችሁን ቃል ለሌላው የሚያደርሱት ጸሐፊያችን ወይዘሮ ደጊቱ ናቸው። እሳቸውም «እግዜር ያሳያችሁ፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስመላለስ እኮ አርብ ገበያ ደርሼ በተመለስኩ» ይላሉ። ይህን እንዳልጽፍ ስላላስጠነቀቁኝ ጽፌዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ በግዎ። ለፋሲካ ያሰቡት ይህ በግ ገና ቀጭን ሳለ በሽቦው ሥር ሾልኮ ወደ መታሰቢያው ገባ። ተማሪ ያልረገጠውን ሳር ጋጠ፤ ለመታሰቢያው የተተከለውንም አበባ ከነሥሩ ጨረሰ። ከዚያ ሰባና በገባበት መውጣት አቃተው። በሩን ለመክፈት ደግሞ ሁለት ቁልፍ ስለሚያስፈልግ፣ ሁለት ቁልፍ ለማገናኘትም ሁለት ሰው መነጋገር ስላለበት፣ በጉ ፋሲካን በሕይወት ተሻገረ። እርስዎ ቤት ዶሮ ብቻ መሠራቱን ሰምተን አዝነናል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካምዎ ፍሬ አላፈራም አይባልም፤ በሰላም መታሰቢያው ውስጥ በእውነት ሰላም ያገኘ አንድ ፍጡር አለ።

አራተኛ፣ በየሰኞው ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ከሽቦው ውጭ አሰልፈው፣ ደወል አስደውለው የኅሊና ጸሎት ያስደርጉናል። አንገታችንን ደፍተን መምህራችንን ልናስብ ስንሞክር በጉ ከውስጥ «ባ!» ይላል። ሳቅን አፍኖ ማዘን ምን ያህል እንደሚከብድ እርስዎም ያውቁታል፤ ባለፈው ሰኞ ትከሻዎ ሲንቀጠቀጥ አይተናል። እንባ ነው ብለን በአክብሮት አልፈነዋል።

አምስተኛ፣ ዋናው ጭንቄ ይህ ነው። እኔና ጓደኛዬ ቤቲ ከገጠር መጥተን አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ድስት፣ አንድ ብርድ ልብስ ይዘን የምንማር ነን። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሳንለያይ ኖረን ዘንድሮ ከሁዳዴ መግቢያ ወዲህ ተኳርፈናል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በአደባባይ አልጽፍም፤ የእሷ ነው። እኔ ያልኩት እናቷ የላኩት ሽሮ ጠመኔ ጠመኔ ይላል ብቻ ነው። አሁን ስለማንነጋገር ሽሮው አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጨው ይገባበታል፣ በማግሥቱ ጭራሽ አይገባበትም። ሌሊት ብርድ ልብሱን እንደ እናንተ መቀስ እንጓተታለን። የማጠቃለያ ፈተናው ደርሷል፣ ከዚያ በኋላ እሷ ወደ እስቴ፣ እኔ ወደ ስማዳ ነን፤ እንዲህ እንደተኳረፍን ብንለያይ ማን መልሶ ያገናኘናል? ድንጋዩን ፈልገን ተያይዘን እንዳንሄድ ሽቦ አለ። መምህር አለበል ቢኖሩ ከአንድ ዙር በላይ አያስፈልገንም ነበር።

ስለዚህ የምንለምነው ይህን ብቻ ነው፤ በልደታ ዋዜማ፣ በሙት ዓመታቸው ቀን፣ ንፍሮአችንን ይዘን ኮሶው ሥር እንድንቀመጥ በሩ ይከፈት፣ ድንጋዩም ከነቀለሙ ወደ ሥራው ይመለስ። ቀለሙ ትከሻችንን ቢነካው ቅር አይለንም። በጉንም አውጥተው እንደ ወደዱ ያድርጉት፤ ከቻሉ ግን ይማሩት፣ የሰላም ክበባችን ከእሱ የበለጠ ትጉ አባል የለውም።

ሰላምን ከሰው እጅ አስጥለው በሽቦ ላስከበሩልን፣ ዝምታን በደወል ላስተማሩን ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአቶ ሥዩምም እንዲሁ፣ ለወይዘሮ ደጊቱም እግሮች ብርታት እየተመኘሁ፣ ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ
ትዝታ ሞላ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት እርስዎና አቶ ሥዩም በየቢሮአችሁ ከገባችሁ በኋላ ሁለታችሁም በምትወጡበት የጋራ በር ላይ ከውጭ ድንጋይ ተደግፏል፤ ደብዳቤው በመስኮት የገባውም ስለዚሁ ነው። ወይዘሮ ደጊቱን አይጥሯቸው፣ ጉዳዩን ቀድመው ስለሰሙ ገበያ ወጥተዋል። በሩ አንድ ሰው ቢገፋው አይነቃነቅም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ትከሻ ቢሰጠው ግን እንደሚከፈት ሞክረን አይተናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላልና፣ ለሁለት የተማሩ ሰዎች አንድ በር አይከብድም። ድንጋዩን ከወንዝ ያመጣነው እኔና ቤቲ ነን። ዳገቱ መሐል ላይ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ጮኸችብኝ፣ እኔም ጮኽኩባት፣ ከዚያ ሳቀች። ዛሬ ሽሮው አንድ ጊዜ ብቻ ጨው ገብቶበታል፤ ሳይቀዘቅዝ ሁለቱንም ቁልፍ ይዛችሁ ውጡ።