ሳላነብ የፈረምኩበት ነብር

ባልንጀራዬ፣ እንዴት ከረምክ?

ዛሬ እዚህ ሙዚየም ውስጥ ገለባ የተጠቀጠቀበት ነብር አየሁ። መግለጫው ላይ ግን «ነበር» ተብሎ ተጽፏል። ተማሪዎች ሲስቁ ሽማግሌው አስጎብኚ መጡና «የኔ ጥፋት ነው ልጆቼ፣ ሳላየው ለጠፍኩት» ብለው በእስክሪቢቶ አረሙት። በቃ፣ ይኸው ነው!

እኛ ማተሚያ ቤት ይኸው ስህተት በመማሪያ መጽሐፍ ሲወጣ፣ ፊደል ለቃሚው አንተ ተባረርክ። ገጹን ሳላነብ የፈረምኩት አራሚው እኔ ነኝ። አለቃችን «ማነው?» ሲል ጫማዬን አየሁ። አንተም እያወቅክ አላሳጣኸኝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ነቅዟል።

ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ይህችን ፖስትካርድ ፖስታ ውስጥ ያልከተትኳት ሆን ብዬ ነው፤ ፖስተኛውም ያንብባት፣ ሰፈሩም ይስማ።